በ17 ዓመቱ ሩዲሻን የረታው መሐመድ አማን ለደባርቅና ለዳባት ታዳጊዎች ምን ያስተምራል?

ጎንደር ገና ሳይነጋ የሚሯሯጡ ልጆች አሏት። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደው አስፋልት ታክሲ ሳይበዛበት፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ፣ በሦስትና በአራት ተቧድነው የሚወርዱ ታዳጊዎች ይታያሉ። ቁልቁለቱን መውረድ ቀላል ነው፤ ፈተናው ተመልሶ መውጣቱ ነው። ወደ ሰሜን አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ ይበርዳል፣ አየሩም ይሳሳል። እዚያ ልጅ የሚሮጠው አትሌት ልሁን ብሎ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነም ይሮጣል።

ከነዚህ ልጆች አንዱ በትምህርት ቤት ውድድር ሁለት ዙሩን ከሁሉም ቀድሞ ቢጨርስ ቀጥሎ ምን ይገጥመዋል? በመጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ቀጥሎ ክለብ ይመጣል፤ ከክለብም ደመወዝ ይመጣል። ልጁ በእርግጥ ፈጣን ከሆነ ማናጀሩ፣ ፓስፖርቱና የአውሮፓው ውድድር ተከታትለው ይደርሳሉ። ይሄ ሁሉ ገና ጺሙ ሳያቀመቅም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ቶሎ የመጣው ዕድል ልጁን ያሳድገዋል ወይስ ሳያድግ ይጨርሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን አትሌቲክስ ከመሐመድ አማን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መሐመድ የጎንደር ልጅ አይደለም፤ የአርሲ፣ የአሰላ ልጅ ነው። የሮጠው ግን መላው ኢትዮጵያ የኬንያውያን ብቻ ነው ብሎ በተወው ርቀት፣ በ800 ሜትር ነው። ገና በልጅነቱ ከዓለም ታላላቅ ሯጮች ጋር እንዲሮጥ መደረጉም ታሪኩን ለማንኛውም ደጋ ልጅ ትምህርት ያደርገዋል።

ሚላን ላይ የዘነበው ዝናብ

መሐመድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1994 ነው። በ2010 በሲንጋፖር በተካሄደው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሎምፒክ በ1000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አጠለቀ። በዓመቱ ፈረንሳይ ሊል ላይ በዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና 800 ሜትሩን በ1:44.68 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ያን ቀን የቀደመው ኬንያዊው ሊዮናርድ ኮሴንቻ ነበር፤ ሰዓቱም 1:44.08። ሦስተኛ የወጣው ቲሞቲ ኪቱም ሲሆን እሱም ኬንያዊ ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች አንባቢ ይያዛቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከሊል ብዙም ሳይቆይ ብላቴናው ወደ ዴጉ አቀና። በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያውንም ግማሽ ፍጻሜውንም አልፎ በ17 ዓመቱ ለፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ላይ ስምንተኛ፣ ማለትም የመጨረሻ ሆነ። ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ግን የፍጻሜ መጨረሻ መሆን በራሱ ድል ነው።

የአትሌቲክሱን ዓለም ያስደነገጠው የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ የሆነው ነው። የ2004 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ከገባ ገና ሳምንት ያህል ነበር። ሚላን ላይ ዝናብ ይዘንባል። በመነሻው ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ዴቪድ ሩዲሻ ቆሟል። ሩዲሻ ከዚያ በፊት በ34 ተከታታይ የፍጻሜ ውድድሮች የቀደመው አልነበረም። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ግን የአሰላው ልጅ ከጎኑ ብቅ አለ፣ አለፈውም። መሐመድ 1:43.50፣ ሩዲሻ 1:43.57። ሁለቱን የለያቸው ከአንድ ሰከንድ አንድ አስረኛ የማይሞላ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን አንድ ታዳጊ ሯጭ ባለሙያ አትሌት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንደ ልጅ አያየውም።

ሁለት የወርቅ ዓመታት

ከሚላን በኋላ የመጣው ፍጥነት አስገራሚ ነበር። መጋቢት 2012 (እ.ኤ.አ.) ኢስታንቡል ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቅ አገኘ፤ 18 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ወሩ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ለንደን ኦሎምፒክ ፍጻሜ ገብቶ በ1:43.20 ስድስተኛ ወጣ። ያ ውድድር ሩዲሻ 1:40.91 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለበት ነው። ከኦሎምፒኩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ዙሪክ ላይ መሐመድ የኦሎምፒኩን ሻምፒዮን ለሁለተኛ ጊዜ ረታው፤ 1:42.53 በ1:42.81።

ነሐሴ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. የሞስኮው ሉዥኒኪ ስታዲየም የኢትዮጵያን ባንዲራ በ800 ሜትር ከፍ አድርጎ አየ። መሐመድ በ1:43.31 አንደኛ፣ አሜሪካዊው ኒክ ሲመንድስ በ1:43.55 ሁለተኛ፣ ጅቡቲያዊው አያንለህ ሱሌይማን ሦስተኛ። በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ታሪክ በ800 ሜትር የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነበር። ባለወርቁ ገና 19 ዓመቱ ነው። ከወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ብራስልስ ላይ 1:42.37 ሮጠ። የዳይመንድ ሊግ ዋንጫውንም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ወሰደ።

ገንዘቡንም እንቁጠረው፤ የልጆችን ልብ የሚያሸፍተው እሱ ነውና። በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 60 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ያስገኝ ነበር። አንድ የዳይመንድ ሊግ ውድድር ማሸነፍ 10 ሺህ፣ የዓመቱን ዋንጫ መውሰድ 40 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚህ ላይ ማናጀር አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ያነሳል፤ ግብርም አለ። ከጫማና ከትጥቅ አምራች የሚገኘው የውል ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው። ዳባት ላይ ገብስ ዘርቶ፣ በሬ ጠምዶ ልጅ ለሚያሳድግ አባት ይሄ ገንዘብ ሕልም ነው። ስለዚህ "ልጅህን አቆየው" ብሎ መምከር አፍ ላይ ቀላል፣ ኑሮ ላይ ግን ከባድ ነው።

ከ1:42.37 በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2014 መሐመድ ፖላንድ ሶፖት ላይ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አስጠበቀ። ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን አስር ዓመት ነበር። በ800 ሜትር ብዙ ሯጮች ምርጥ ሰዓታቸውን የሚሮጡት ከ22 እስከ 27 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነውና።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2015 ቤይጂንግ ላይ የሞስኮውን ክብር ሊያስጠብቅ የሄደው ሻምፒዮን ከግማሽ ፍጻሜው አላለፈም። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ፍጻሜ አልገባም። በ2017 ለንደን ላይ እንደገና ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ በ1:46.06 ስድስተኛ ሆነ። በ19 ዓመቱ ብራስልስ ላይ የሮጠውን 1:42.37 ግን ዳግም አላገኘውም። ያቺ ሰዓት የሕይወቱ ምርጥ ሆና ቀረች።

መሐመድን በዚህ መውቀስ ነውር ነው። አንድ የዓለም ሻምፒዮንነት፣ ሁለት የቤት ውስጥ ወርቅ፣ ሁለት የዳይመንድ ሊግ ዋንጫ ያለው አትሌት አልተሳካለትም ሊባል አይችልም። በ800 ሜትር ከሱ በፊት ይሄን ያደረገ ኢትዮጵያዊ የለም። የሱ ታሪክ የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። የአንድ ሯጭ ሕይወት ጫፍ 19 ዓመት ላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ምን ይሆናል?

የለንደኑ ፍጻሜ ሦስት ልጆች

ወደ ለንደን 2012 ፍጻሜ እንመለስ። መነሻው ላይ ከቆሙት ስምንት ሰዎች ሦስቱ 20 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። መሐመድ 18፤ የቦትስዋናው ናይጀል አሞስም 18፤ ቲሞቲ ኪቱም 17። አሞስ በ1:41.73 የብር፣ ኪቱም በ1:42.53 የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ። ያን ቀን ብዙ ሰው የመካከለኛ ርቀት መጪው ዘመን የነዚህ ሦስት ልጆች ነው ብሎ ነበር።

ኪቱም ከዚያ ወዲህ በኦሎምፒክም ሆነ በዓለም ሻምፒዮና ሌላ ሜዳሊያ አላገኘም። ሊል ላይ ሁለቱንም የቀደማቸው ኮሴንቻ በአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ሳያይ ቀረ። አሞስ ለብዙ ዓመታት ፈጣን ሆኖ ቆየ፤ በ2014 ግላስጎው ላይ ሩዲሻን ቀድሞ የኮመንዌልዝ ወርቅ ወሰደ። ይሁንና በዓለም ሻምፒዮና አንድም ሜዳሊያ አላጠለቀም፤ በ2022 ደግሞ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶበት የሦስት ዓመት ዕገዳ ተጣለበት። ከአራቱ ልጆች በአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘው መሐመድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ወርቁን ያገኘው ቶሎ ነው።

ቀስ ብለው የወጡት

በሌላ በኩል ገንዘቤ ዲባባን እንይ። እሷም በልጅነቷ ዝነኛ ነበረች፤ የበቆጂ ልጅ፣ የጥሩነሽና የእጅጋየሁ ታናሽ። ግን መሰላሉን ደረጃ በደረጃ ነው የወጣችው። በ2008 እና በ2009 በወጣቶች የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን፣ በ2010 ሞንክተን ላይ በ5000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና በ2009 በርሊን ላይ ስምንተኛ፣ በ2011 ዴጉ ላይም ስምንተኛ ወጣች። ያኔ ማንም "አበቃላት" አላለም። በ2012 ኢስታንቡል ላይ በ1500 ሜትር የመጀመሪያ የአዋቂ ወርቋን አገኘች። በ2015 ሞናኮ ላይ 3:50.07 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር 24 ዓመቷ ነበር። ከመጀመሪያው የወጣቶች ወርቅ እስከዚያ ሰባት ዓመት ወስዶባታል።

ዮሚፍ ቀጄልቻም ሌላ መንገድ አሳይቷል። በ2013 የዓለም ታዳጊዎች፣ በ2014 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን የሆነ ፈጣን ልጅ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ግን በአንድ ርቀት ላይ አልተቸከለም። በ2019 ቦስተን ላይ የቤት ውስጥ የማይል ክብረ ወሰንን በ3:47.01 ሰበረ። በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ። በጥቅምት 2024 ደግሞ ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ57:30 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ርቀት እያስረዘመ ዕድሜውን ጥቅም ላይ አዋለው።

ቶሎ መጀመር ሁልጊዜ ቶሎ ማለቅ ነው ማለትም አይደለም። የኬንያው ኢማኑኤል ዋንዮኒ በ2021 ናይሮቢ ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆን ገና 17 ዓመቱ ነበር። በ2022 በአዋቂዎች አራተኛ፣ በ2023 ሁለተኛ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በ1:41.19 የኦሎምፒክ ሻምፒዮን፣ በ2025 ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በየዓመቱ አንድ ደረጃ እንጂ በአንድ ዓመት አራት ደረጃ አልዘለለም።

አካሉ ምን ይላል?

800 ሜትር ክፉ ርቀት ነው። የአጭር ርቀት ፍጥነት ይጠይቃል፣ የረጅም ርቀት ትንፋሽም ይጠይቃል። ከሚያስፈልገው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሳንባና ከልብ፣ ቀሪው ኦክስጅን ሳይጠብቅ ከጡንቻ የሚወጣ ነው። የመጨረሻዎቹ 150 ሜትሮች ላይ እግር እንደ ድንጋይ የሚከብደው ለዚህ ነው። የትንፋሹ ክፍል በዓመታት ለስላሳ ሩጫ ይገነባል። የፍጥነቱ ክፍል ግን በመም ላይ በሚደረጉ ከባድ ልምምዶች ቶሎ ይመጣል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ውጤት የሚፈልግ ሰው ልጁን የፍጥነቱን ልምምድ ያበዛበታል፤ መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው ይቆማል።

የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ገና አልተስማማም። በቂ ምግብና እንቅልፍ ሳያገኝ በየሳምንቱ ቢወዳደር የአጥንት ስንጥቅ፣ የጅማት ሕመም፣ የደም ማነስ ይከተላል። የአውሮፓው የውድድር ወቅት ደግሞ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከከተማ ከተማ ይኬዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የቤት ውስጡ ውድድር ይጠብቃል። ልጅ እረፍት የሚያደርገው መቼ ነው?

ደባርቅና በቆጂ

አሁን ወደ ሰሜን ጎንደር እንመለስ። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በቆጂም ከፍታዋ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ አየሩ አንድ ነው፣ ገብሱም አንድ ነው፣ ልጆቹም በእግራቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ናቸው። በቆጂ ግን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፈራች። ልዩነቱ ምንድን ነው?

በቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበራት። የስፖርት መምህር ሆኖ የገባ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሜዳ ለቅሞ ለዓመታት በጫካና በዳገት ያሰለጠነ ሰው ነው። ልጅን ቶሎ ከማሯሯጥ በፊት "ቆይ፣ ገና ነህ" የሚል ሰው ማለት ይሄ ነው። ከአማራ ክልልም ስም ያተረፉ ሯጮች አልጠፉም፤ ጌጤ ዋሚ ከሰሜን ሸዋ፣ መሰለች መልካሙና የኔው አላምረው ከጎጃም ወጥተዋል። የጎንደር ደጋ ግን በአየሩና በልጆቹ ልክ ገና አልተናገረም።

ለዚህ ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና አይደለም። ከደባርቅ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማሰልጠኛ ማዕከላቱ ያሉት አሰላ፣ በቆጂ፣ ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዳባት አጠገብ ድረስ መጣ፤ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ተሰደደ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ የትምህርት ቤት ውድድር እንኳ ፈተና አድርጎታል። ልጅ ለመወዳደር መጀመሪያ መድረስ አለበት።

ሌላው ችግር ዕድሜ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት የለውም፤ የሚያውቀው እናቱ "የእገሌ ሰርግ ሊሆን ሲል ተወለድክ" ስትለው ነው። ከዚያ ፓስፖርት ሲወጣ አንዱ ዕድሜ ቀንስ ይላል፣ ሌላው ጨምር ይላል። የተቀነሰበት በወጣቶች ውድድር ይጋለጣል፤ የተጨመረበት ደግሞ ሳይደርስ ከአዋቂ ጋር ይሰለፋል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮናውን ከናይሮቢ 2017 በኋላ አቁሟል። መሐመድ ሊል ላይ የወጣበት ደረጃ ዛሬ የለም። የዛሬ የ16 ዓመት ልጅ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ላይኛው ሰገነት ነው።

ፊርማው በፊት

ስለዚህ ደባርቅ ላይ ያለ አባት፣ ዳባት ላይ ያለ የስፖርት መምህር፣ ጎንደር ላይ ያለ አሰልጣኝ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለብቻው ውል መፈረም አይችልም፤ ወላጅ ወይም ሞግዚት ያስፈልጋል። ውሉን ደግሞ የፈረመው ሰው ሊያነበው ይገባል። ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ ልጁ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚወዳደር፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው፣ ክፍያው በሕመም ጊዜ ይቀነስ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ አስረኛ ክፍል ያቋረጠ ሯጭ 25 ዓመቱ ላይ እግሩ ቢታመም የሚይዘው ምንድን ነው? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ ሯጭ የነበረ ልጅ አሰልጣኝ ሆኖ መመለሻ በር አለው። ግን በሩ የሚከፈተው ትምህርቱን ለጨረሰ ነው።

ገበሬው ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እሸት ይጣፍጣል፣ መንገደኛም ደስ ይለዋል። እሸቱን ሁሉ ቀጥፎ የበላ ቤት ግን በመኸር አውድማው ባዶ ነው፤ ለዘርም አይተርፈውም።

መሐመድ አማን በ17 ዓመቱ ሚላን ላይ፣ በ19 ዓመቱ ሞስኮ ላይ ለኢትዮጵያ ያሳየው ነገር ትልቅ ነው። ኢትዮጵያዊ በ800 ሜትርም የዓለም ሻምፒዮን መሆን ይችላል። ይሄን በር ከፍቶታል፤ ከሱ ኋላ ለሚመጣው ልጅ የቀረው በሩን ለብዙ ዓመት ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ነገ ጠዋት ከአዘዞ ዳገቱን ይዘው ወደ ፒያሳ ከሚመለሱት ልጆች መካከል ምናልባት አንዱ ያ ልጅ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሩጥ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ሳይደርስ ሲቀር ቆይ የሚለውም ነው።